ለሐኪም ያልተነገረው ቅጠል

የመጽሐፍ ጠራዡ ያን ዕለት ጠዋት የፈላ ውሃ ፍለጋ የሆስፒታሉን ረጅም መተላለፊያ ሲመላለስበት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከጽዳት ሠራተኞቹ ክፍል አጠገብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የውሃ ማሞቂያ አገኘ። ግራ ቀኙን አየ፤ ሰው የለም። ከካፖርቱ ኪስ በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ ቅጠል አወጣና ቆንጠር አድርጎ ፔርሙዙ ውስጥ ጨመረ። ከቅጠሉ ጋር የደረቁ ቢጫ አበቦች ተቀላቅለውበታል። የፈላውን ውሃ ቀድቶበት ክዳኑን ሲያጠብቅ ከኋላው «ጋሼ?» የሚል ድምፅ ሰማ።

ዞር ሲል የሟች እህቱን ልጅ አያት። ነጭ ጋዋን ለብሳ የደም ናሙና የተደረደረበት ሳጥን ይዛለች። እዚሁ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምትሠራ ያውቃል፤ ላቦራቶሪው ግን በጓሮ በኩል ባለው ሌላ ሕንፃ ስለሆነ እዚህ አገኛታለሁ ብሎ አላሰበም። የጠራዡ ልጅ ቀብር ላይ ከተላቀሱ ወዲህ ተያይተውም አያውቁም።

ማን ታሞ እንደመጣ ጠየቀችው። እትዬሽ ናት አላት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ እንደማይታዘዙላት፣ አንደበቷም እንደታሰረ ነገራት። ልጅቷ ሳጥኑን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ይህን አጭር ልቅሶ ከጨረሰች በኋላ ለምን እንዳልተነገራት ጠየቀችው፤ እሱም ክፉ ወሬ እግር አለው፣ ራሱ ይደርስሻል ብዬ ነው ሲል መለሰ። ከዚያ ዓይኗ ፔርሙዙ ላይ ዐረፈ።

ስለ ሕመምተኛዋ፣ ስለ ጠራዡ ሚስት፣ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሴትየዋ በልጅነቷ በያዛት ሕመም ልቧ ተጎድቶ፣ ከተበላሹት የልብ በሮች አንዱ በብረት ተተክቶላታል። በብረት በር ላይ ደም ሲያልፍ ቶሎ ይረጋል፤ ስለዚህ ደም የሚያቀጥን ክኒን በየቀኑ ትውጣለች፣ በየጊዜውም ደሟን ትመረመራለች። ከዚህ በቀር ጤነኛ ነበረች። ከተጋቡ ጀምሮ በጥራዝ ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የኖሩት፤ እሷ የታጠፈውን ወረቀት በመርፌና በሰም በታሸ ክር ትሰፋለች፣ እሱ ሙጫ ይቀባል፣ በመጫኛው ይጫናል፣ ጠርዙን ይከረክማል። ደንበኛ ሲያመሰግነው «መጽሐፉን ያቆመችው እሷ ናት፤ እኔ ልብስ ነው ያለበስኩት» ይል ነበር።

አንድ ልጃቸው በመኪና አደጋ ሞተ። ሴትየዋ መርፌዋን አስቀመጠች። እህል አልቀምስም፣ ሰው አላይም አለች። ጠራዡ የሚያደርገው ቢጠፋው ገበያ ወርዶ አንድ ቅጠል ሻጭ አማከረ፤ ሰውየውም «ሀዘን አባራሪ» የሚባለውን ይህን ባለ ቢጫ አበባ ተክል ሰጠው። ሻጩ አልዋሸም። ሳምንታት ሲያልፉ ሴትየዋ ቀና አለች። አንድ ቀን ጠራዡ ሳያስተውል የአንዱን መጽሐፍ ሽፋን ገልብጦ ሲለጥፍ አይታ ሳቀች። ያን ሳቅ ሲሰማ ሚስቱን ከመቃብር አፍ እንደመለሳት ቆጠረው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውን ተረት ያን ጊዜ አላስታወሰውም።

በሚቀጥለው ምርመራ ሐኪሟ ደሟ መወፈሩን ነገረቻትና ክኒኑን በትክክል ትውጥ እንደሆነ ጠየቀቻት። እውጣለሁ አለች። የክኒኑ መጠን ተጨመረላት። በሌላው ቀጠሮም እንደዚያው ሆነ፤ በዚህኛው ግን ሐኪሟ ዓይኗን ወደ ባል አዞረች። ቤት ሲገቡ ጠራዡ በቁጣ ነደደ። ልጅሽን ተከትለሽ ልትሄጂ ነው፣ እኔን ለማን ልትተዪኝ ነው ብሎ ጮኸባት። እሷ በልጇ ዐፅም ማለች። አላመናትም። ከዚያ ወዲያ ክኒኑን ዓይኑ እያየ ያስውጣት፣ ስትውጥም አፏን ያስከፍታት ጀመር፤ እንደዚያም ሆኖ ዞር ስል ትተፋዋለች እያለ ይጠረጥራት ነበር። አንድ ቀን ስትሰፋ መርፌው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ስትጎነበስ እሷም ወደቀች። የረጋ ደም ከልቧ ተነስቶ ወደ አንጎሏ ሄዶ ነበር።

ወደ መተላለፊያው እንመለስ። ልጅቷ በፔርሙዙ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሻይ ነው አላት። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ሻይ እንዲህ እንደማይሸት በትሕትና ነገረችው። ጠራዡ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ግን የደበቀው ነገር ይልቁንም የሚኮራበት እንደሆነ ትዝ አለውና ታሪኩን ሁሉ አወራላት። ሆስፒታል ከገባች ወዲህም ነርሶቹ ዞር ሲሉ በማንኪያ እያጠጣት መሆኑን አልሸሸገም። ልጅቷ ሳጥኑን ለሥራ ባልደረባዋ አስረክባ ተመለሰችና መስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ጋሼ፣ ይህን ቅጠል ለሐኪሟ ነግረዋል?»

«ለምን ብዬ? ቅጠል እኮ ነው ልጄ። መድኃኒት ትወስዳለች ወይ ብለው ጠየቁ፣ ክኒኗን ነገርናቸው። ከመሬት የበቀለውን ነገር ምን ብዬ እነግራለሁ? ባዕድ የሆነውስ እናንተ ከፋብሪካ የምታመጡት ነው። ቅጠሉን ሰውነት ያውቀዋል።»

«አያውቀውም ጋሼ። ለጉበት ሁለቱም ባዕድ ናቸው። ጉበት ማሳና ፋብሪካ አይለይም።»

ጠራዡ የተማረ ሰው ነገር ማወሳሰብ እንደሚወድ ያውቅ ስለነበር ፈገግ አለ። ልጅቷን ግን ንቆ አያውቅም። እናቷ ሥራ ስትውል በጥራዝ ቤቱ ውስጥ በተጣለ ወረቀት ላይ ፊደል የቆጠረች፣ እሱ ራሱ የትምህርት ቤት ደብተሯን የጠረዘላት ልጅ ናት። እስቲ አስረጂኝ አላት።

አስረዳችው። ሰውነታችን በትንንሽ ሕዋሳት የተሠራ እንደሆነ፣ በየሕዋሱ መሐል ደግሞ አስኳል የሚባል ክፍል እንዳለ ነገረችው።

«አስኳል እንኳ እኔ የማውቀው እንቁላል ውስጥ ነው» አለ።

«ስሙ ከዚያው የመጣ ይሆናል» አለች፤ ለአፍታ ፊቷ ፈታ አለ። «የሰውነት መመሪያ ሁሉ ተጽፎ የሚገኘው በዚያ አስኳል ውስጥ ነው። ችግሩ መመሪያው ሁሉ ሁልጊዜ አይነበብም። የሚያስነብበው ያስፈልገዋል። ከሚያስነብቡት መካከል ተቀባይ የምንላቸው አሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ በተለይ በጉበትና በአንጀት ውስጥ ተቀምጠው ባዕድ ኬሚካል ይጠብቃሉ። የቅጠሉ ንጥረ ነገር ገብቶ ሲይዛቸው ይነቃሉ፤ ከመመሪያው ላይ ተጣብቀው ትክክለኛውን ክፍል ያስነብባሉ። ያ ክፍል ሲነበብ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች በብዛት ይመረታሉ። ሠራተኞቹ ባዕዱን ነገር ይለውጡታል፣ ይሰባብሩታል፣ በውሃ እንዲሟሟ ያደርጉታል። ከዚያ በሐሞት ወይም በሽንት ይወጣል።»

ጠራዡ አሰበና ይህማ መልካም ነገር ነው አለ። ሰውነት የመጣበትን አይቶ ካባረረ ምን ይወጣለታል? ልጅቷም በዚህ ተስማማች። ያለዚህ ጥበቃ እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲተነፍሰው የኖረው የሙጫና የቀለም ማቅጠኛ ሽታ ገና ድሮ ይጥለው እንደነበር ነገረችው። ያም ቢሆን ጥበቃው ልክ እንዳለው፣ የጥራዝ ቤቱን መስኮት መክፈት እንዳለበት ጨመረች። እሱ ግን ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር።

«እሺ፣ ቅጠሉን አወቀውና አባረረው እንበል። ክኒኑን ምን ቤት ነኝ ብሎ ነካው?»

«ይኸውልዎ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሰውነት ውስጥ ያለ አብዛኛው ተቀባይ እንደ ቁልፍ ቤት ነው፤ የራሱን ቁልፍ ብቻ ይቀበላል። ይህ ግን ሰፊ ኪስ አለው። ብዙ ዓይነት ነገር ይገባበታል።»

«እንግዲያ ሞኝ ዘበኛ ነው በይኛ።»

«ሞኝ አይደለም ጋሼ። መራጭ ቢሆን ኖሮ አያቶቻችን አይተውት የማያውቁት አዲስ መርዝ በመጣ ቁጥር ዝም ብሎ ያሳልፈው ነበር። እንዳያመልጠው ብሎ ነው ሰፊ የሆነው። ሠራተኞቹም እንዲሁ ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ አይደለም የሚሰባብሩት። ቅጠሉ ዘበኛውን ቀሰቀሰው፣ ዘበኛው ሠራተኛ አበዛ፣ የበዛው ሠራተኛ የእትዬን ክኒን አገኘው። የእሷን ክኒን የሚሰባብሩት እነዚያው ናቸው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ጠራዡ ወዲያው የተረታ እንዳይመስለው። ሽማግሌ ሰው የኖረበትን እምነት እንደ አሮጌ ኮት አውልቆ አይጥልም። የቀደሙት ሰዎች በቅጠል ታክመው መቶ ዓመት ኖረዋል ሲል ተከራከረ። ልጅቷ የኖሩት ይነገራል እንጂ የሞቱት አይቆጠሩም አለችው፤ ደግሞም የቀደሙት ሰዎች ልባቸው ውስጥ የብረት በር አልነበራቸውም። የቅጠሉን ጥቅም እንዳልካደች፣ የእትዬን ሀዘን እንዳቀለለላት እንደምታምን ነገረችው። መርዝ ነው አላለችም። ጥፋቱ የመጣው ሁለቱ ነገሮች አንድ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙና መገናኘታቸውን የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ነው አለች።

እሱም አንድ የመጨረሻ ነገር ያዘ። ክኒኑ ሲጨመርላት ለምን አልሠራም ሲል ጠየቀ። ቅጠሉም አልተቋረጠማ፣ አለችው። ሠራተኛው እየበዛ የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ሐኪሟ ስትጨምር እነሱም ይጨምሩ ነበር።

መተላለፊያው ላይ አንድ ሰው ባዶ አልጋ እየገፋ አለፈ፤ የአልጋው ጎማ ሲንጫጫ እስከ ጥጉ ድረስ ተሰማ። ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ትውጠው ነበር ማለት ነው?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ክኒኑን።»

ልጅቷ በቤታቸው ውስጥ የሆነውን አታውቅም ነበርና ጥያቄው ከየት እንደመጣ አልገባትም። «አዎ፣ ትውጥ ነበር» አለች። «ሥራውን ሳይሠራ ሰውነቷ ያስወጣው ነበር እንጂ እሷስ ትውጠው ነበር።»

አፏን ሲያስከፍታት እንዴት ታየው እንደነበር ትዝ አለው። ያን ጊዜ ተቃውማ አታውቅም። ሕፃን እንደሚታዘዝ ታዝዛ ምላሷን ታነሳለት ነበር። ጠራዡ ተነሳና ወደ መታጠቢያው ሄዶ ፔርሙዙን ደፋ፤ ቋጠሮውንም ፈትቶ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ላይ ያራግፈው ጀመር። ልጅቷ ሮጣ እጁን ያዘችው።

ከዛሬ ጀምሮ ሚስቱን ቅጠሉን እንደማያቀምሳት ነግሮ፣ ነገሩ እዚሁ እንዲቀር ለመናት። ዝም አይነቅዝም፣ አላት። ሚስቱን በገዛ እጁ የጣለ ሰው ተብሎ በነርስና በሕመምተኛ ፊት ከሚጠቆምበት ሞት ይሻለዋል።

«ዝምታው ነው የነቀዘው ጋሼ» አለች ልጅቷ። አነጋገሯ ለስላሳ ነበር፤ እጁን ግን አልለቀቀችም። «አሁን ቢደብቁት ከበፊቱ ይብሳል። ሐኪሟ የክኒኑን መጠን ከፍ አድርጋለች፤ ቅጠሉ መኖሩን ሳታውቅ ነው ከፍ ያደረገችው። ቅጠሉ ሲቋረጥ ዘበኛው ይተኛል፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠራተኞቹ ይቀንሳሉ። ያን ጊዜ ክኒኑን የሚያስወጣው ይጠፋና በደሟ ውስጥ ይከማቻል። ደሟ ከልክ በላይ ይቀጥናል። በረጋ ደም የተጎዳው አንጎሏ በሚፈስ ደም ሊጎዳ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ እርስዎን ነው የሰማሁት።»

አንቺ ንገሪልኝ አላት። ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል፣ በቀን ስንት ጊዜ ብለው ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ ብላ መለሰችለት፤ አብሬዎት እገባለሁ፣ የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት። ጠራዡ ቋጠሮውን መልሶ ቋጠረና ተከተላት።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፋች፣ ዓይኗ በድካም የቀላ ሴት ነበረች። ጠራዡ ቋጠሮውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ሲናገር አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ቅጠሉን በጣቷ ፈርፍራ አየችው። ይቆጡኛል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቅ ነበር። ሐኪሟ ግን «መድኃኒት ትወስዳለች ወይ ብለን ጠየቅን እንጂ ሌላ የምትጠጣው ነገር አለ ወይ አላልንም» አለች። «ትውጪያለሽ ወይ እያልን አሳቀቅናት። ጥፋቱን ለብቻዎ አይሸከሙት።» ከዚያ ነርሷን ጠርታ ቅጠሉ እንዲቋረጥ፣ ደሟ በየቀኑ እንዲመረመር፣ የክኒኑም መጠን ምርመራው እያሳየ ቀስ በቀስ እንዲወርድ አዘዘች።

ልጅቷ እንዳለችው ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ደሟ መቅጠን ጀመረ፤ ሲጠበቅ የነበረ ነገር ስለሆነ ግን መጠኑ እየተቀነሰ አደጋው ሳይደርስ አለፈ። ያን ቀን ጠራዡ አፉን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ አልጋ የሚስቱን ሬሳ ይወስድ ነበር። ሀዘኑስ? ሀዘኑ ቅጠሉ ሲቋረጥ ተመለሰ። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ውላ ታድር ጀመር። አሁን ግን ሐኪሞቹ ስላወቁ ከደም ማቅጠኛው ጋር ያን ያህል የማይጣላ ሌላ መድኃኒት መርጠው ሰጧት፤ የሚያጽናናትም ባለሙያ መደቡላት። ፈጥኖ አልሠራም። ቀኝ እጇም አልተመለሰላትም፤ ከአንደበቷም የተፈታው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። የጠፋው ጠፍቷል።

በሰፈሩ ግን ነገሩ ፍሬ አላጣም። ጠራዡ የመጣበትን ሳይደብቅ ለጎረቤት አወራ። ከጎኑ የሚኖረው ጡረተኛ ሹፌር የሚጥል በሽታ ክኒን እየወሰደ ለእንቅልፉ የአንድ ተክል ሥር እየቀቀለ ይጠጣ ነበር፤ ይዞ ሄዶ ለሐኪሙ አሳየ። የሹፌሩ ልጅ ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምራ ነበርና የወሊድ መከላከያ ክኒን እንደምትውጥ ለሐኪም ተናገረች፤ የሳንባው መድኃኒት ያንኑ ዘበኛ ክፉኛ እንደሚቀሰቅስ፣ የመከላከያው ክኒን እንደማያስተማምናት ተነግሯት ሌላ መንገድ ተሰጣት። ጠራዡ ለሁሉም የሚናገረው አንድ ነገር ነበር፦ ቅጠልም ይሁን ሥር፣ ዱቄትም ይሁን ክኒን፣ የምትወስዱትን ሁሉ ቋጥራችሁ ሐኪም ፊት ፍቱት፤ የጀመራችሁትንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ሰውነት የገባበትን ሁሉ አይቶ ይዘጋጃል፤ ሐኪም ግን ካልነገራችሁት ከየት ያየዋል? ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው እያለ ይቀልድ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን አይስቅም።

ለሚስቱ ብቻ አልነገራትም። ለሐኪም መንገር ከብዶት ነበር፤ ይህ ግን የባሰ ሆነበት። ከሆስፒታል ወጥታ ጥራዝ ቤቱ ውስጥ የቀድሞ ቦታዋ ላይ ትቀመጥ ጀመር፤ እሱ አሁን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ስፌቱ እንደ እሷ አይጠብቅለትም። እሷ ታየዋለች እንጂ አትናገርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የያዘውን ወረቀት አስቀምጦ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ቅጠሉ፣ ክኒኗ ሥራ ሳይጀምር እንዴት ይወጣ እንደነበር። «ትውጪው ነበር» አላት። «በልጃችን ዐፅም ስትምዪልኝ እውነትሽን ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኩሽ።»

ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከንፈሯ በግራ በኩል ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቃሉን ለማውጣት ስትታገል ሊረዳት ፈለገ፤ ግን የትኛውን ቃል እንደምትፈልግ ስላላወቀ ጠበቀ።

«ነ... ነግሬህ ነበር» አለች።

«አዎ» አለ ጠራዡ። «ነግረሽኝ ነበር።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። በደህናው እጇ ፊቷን ጠረገች፤ የወረቀቱንም ክምር በዚያው እጅ ተጭና ያዘችለት። እሱም መርፌውን አንስቶ እሷ የያዘችለትን መስፋት ጀመረ።